ዳይና ያየችው ጃንዋሪ

ዴንዚል ትሬጎና እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ በአንድ ገበታ ራት በላን፤ በእነዚያ አሥራ ሰባት ዓመታት አንዲት ቃል በቀጥታ አልተነጋገርንም። ይህን ስናገር የማያምኑኝ አሉ። ከተማችን ዊኔመካ መጥተው፣ በግ ሊጠብቁ ከባሕር ማዶ የመጡት ባስኮች የከፈቱትን ሆቴል አስተናጋጆች ይጠይቁ።

የሆቴሉ ገበታ ረጅም ነው። የሚተዋወቀውም የማይተዋወቀውም ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይቀመጣል፤ የነጭ ሽንኩርት ሾርባው፣ ቦሎቄው፣ የበግ ወጡ በትልልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይመጣና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። እዚያ ገበታ ላይ ከጎረቤቱ የተኳረፈ ሰው ጦሙን ያድራል። እኔና ዴንዚል ግን ጦማችንን አላደርንም፤ በመካከላችን ሚስቱ ግራሲያና ነበረች።

«ግራሲያና፣ ቦሎቄውን እንዲያቀብለኝ ንገሪልኝ» እላለሁ፣ ሰውዬው ከክንድ ባልበለጠ ርቀት ተቀምጦ እየሰማኝ።

«ዴንዚል፣ ሆሊስ ቦሎቄውን አቀብለኝ ይላል።»

«እጅ የለውም ወይ በይው። ራሱ ያንሳ።»

«ራስህ አንሳ ይልሃል» ትለኛለች፤ ከዚያ ሳህኑን ራሷ ታቀብለኛለች። እዚያው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ያደገች የባስክ ልጅ ናት። በልጅነቷ ከተራራ የወረዱ በግ ጠባቂዎችን ጠብ ስትገላግል ኖራ የሁለት ሽማግሌዎች ኩርፊያ አይከብዳትም ነበር።

ያኳረፈችን አንዲት ባዶ ፖስታ ናት። እኛ የፖስታ ሰብሳቢዎች ማኅበር ሰዎች ከሞቱ የማዕድን ከተሞች የወጡ ፖስታዎችን እንሰበስባለን። እዚህ አገር አንዱ ተነስቶ ተራራ ሥር ብር አገኘሁ ይላል፤ በወሩ ሦስት መቶ ድንኳን ይተከላል፤ መጠጥ ቤቱ ይቀድማል፣ ፖስታ ቤቱ ይከተላል፤ ብሩ ሲያልቅ ሰዉ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ዛሬ ቦታው ላይ ብትቆሙ ከዛገ ቆርቆሮና ከእባብ በቀር የሚቀበላችሁ የለም። የተረፈው ነገር ማዕድን ቆፋሪው ለእናቱ ደብዳቤ የላከበት ፖስታ ነው። እኛ የምንፈልገው ታዲያ ደብዳቤውን አይደለም፤ ቴምብሩንም አይደለም። የምንፈልገው የፖስታ ቤቱን ማኅተም ነው፤ የከተማውን ስም፣ ቀኑን፣ ዓመቱን። ውስጡ ያለውን ደብዳቤ አንድም ቀን ገልጠን ሳናይ ሃያ ዓመት ያስቀመጥን አለን። «ማኅተም አይዋሽም» የማኅበራችን ሃይማኖት ነው። ሰው ይዋሻል፣ ደብዳቤ ይዋሻል፣ ጋዜጣማ ተዉት፤ ማኅተም ግን አይዋሽም።

ዴንዚል የአውራጃችንን የሞቱ ከተሞች በሙሉ ነበር የሚሰበስበው። ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው፤ ሠላሳ ስምንቱን አገኘ። የጎደለችው ዳይና ነበረች። ዳይና በአህያ ስም የተጠራች ከተማ ናት፤ አህያዪቱ ጠፍታ ባለቤቷ እየተራገመ ሲፈልጋት ብር የሞላበት ቋጥኝ ላይ ቆማ አገኛት ይባላል። ፖስታ ቤቷ በሜይ 1878 ተከፈተ፣ በማርች 1879 ተዘጋ። አሥር ወር መሆኑ ነው። ከዳይና የወጣች ፖስታ አይቻለሁ የሚል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

በ2003 መጨረሻ፣ ለገና አንድ ሳምንት ሲቀር፣ ዴንዚል ከአንድ የእርሻ ቤት ጨረታ በገዛው የወረቀት ሣጥን ውስጥ አገኛት። ቢጫ ፖስታ ናት። ግራ ጠርዟ ላይ «የቦይድ ሸቀጣ ሸቀጥ፣ ዳይና» የሚል ማስታወቂያ ታትሞባታል። ከላይ ደግሞ ማኅተሙ በብዕር ተጽፏል፤ ያኔ ትንንሾቹ ፖስታ ቤቶች የብረት ማኅተም ስላልነበራቸው የፖስታ ቤቱ ሹም በእጁ ነበር የሚጽፈው። «ዳይና፣ ጃንዋሪ 4፣ 1878» ይላል።

ዴንዚል ኮቱን እንኳ ሳይደርብ በበረዶ ሮጦ እኔ ጋ መጣ። በዚያ ዓመት የማኅበሩ መርማሪ ሆኜ ተመርጬ ነበር፤ እውነተኛውን ከፎርጅዱ ለይቼ የምስክር ወረቀት የምሰጥ እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ቀይ እስክሪብቶ ስይዝ ደስ ይለኛል፣ አልክድም።

ሒሳቡን ሠራሁ። ፖስታ ቤቱ የተከፈተው በሜይ 1878፤ ማኅተሙ የጃንዋሪ 1878። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። የቦይድ ሱቅ የተከፈተው ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ነው፤ ያልተከፈተ ሱቅ ፖስታ አያሳትምም። ሁለት ማስረጃ። እንግዲህ አንድ ሰው ያልተጻፈበት የቦይድ ፖስታ አግኝቶ፣ ማኅተሙን በኛ ዘመን ጽፎበታል ማለት ነው። ይህንኑ ለዴንዚል በደብዳቤ ላክሁለት፣ በማኅበሩ ስብሰባም ላይ አነበብኩት፤ «በዘመናችን ሰው፣ በሠለጠነ እጅ የተጻፈ ፎርጅድ» ብዬ።

«በሠለጠነ እጅ» የምትለዋን ባልጻፍኳት ኖሮ። ዴንዚል የከተማችን ሰሌዳ ጸሐፊ ነበር። የሆቴሉን ስም፣ የፀጉር አስተካካዩን በር፣ የዳቦ ቤቱን መኪና በብሩሽ ያሳመረ እሱ ነው። ደብዳቤዬ ላይ ስሙን አልጠራሁም፤ ግን በዊኔመካ የሠለጠነ እጅ ያለው አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም ስጽፈው እሱን እያሰብኩ ነበር። ሠላሳ ስምንት ያለው ሰው ሠላሳ ዘጠነኛዋን ለማግኘት ምን አያደርግም ብዬ።

እሱ ደግሞ ማኅተም አይዋሽም ባይ ነውና በራሱ መንገድ ችክ አለ። ሹመቱ ከዋሽንግተን ሳይደርስ ፖስታ ቤቱ አስቀድሞ ሥራ ጀምሮ ነበር አለ። ይህን ለማስረዳት ሦስት ከተማ ዞሮ የቤተ መዛግብት አቧራ ሲጠጣ ከረመ፤ ምንም አላገኘም። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

ማኅበራችን በየዓመቱ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ዐውደ ርእይ ያደርጋል። ስብስባችንን ነጭ ወረቀት ላይ አሰማምረን እናስቀምጣለን፤ ወረቀቶቹ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት እየሆኑ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ይሰቀላሉ። ዴንዚል ዳይናን ያለ ምስክር ወረቀት አልሰቅላትም ስላለ የመጨረሻው ገጹ ባዶ ነበር። ከላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ «ዳይና» ይላል፤ ከሥሩ ምንም የለም። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲሁ ሰቀለው። እኔ ደግሞ ዳኛ ነኝና በየዓመቱ ባዶው ገጽ ፊት ቆሜ ነጥብ መስጠት ነበረብኝ። ለባዶ ገጽ ስንት ይሰጣል? አንድ ጊዜ «ንጽሕናው ጥሩ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በተከታዩ ሐሙስ ግራሲያና «ሆሊስ ሆይ፣ ዴንዚል የአንተም ጭንቅላት ንጽሕናው ጥሩ ነው ይልሃል» አለችኝ።

ዴንዚል ከሦስት ዓመት በፊት በልብ ድካም ሞተ። ሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት ስድስት ሰዎች አንዱ እንድሆን የጠራችኝ ግራሲያና ናት። «ከፊት ያዝ» አለችኝ፤ «ከኋላ ሆነህ ስሕተት እንዳትፈልግበት።» ቀብር ላይ ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው ዲሴምበር ግራሲያና ሣጥኖቹን እያየሁ ነው፣ ና ብላ ጠራችኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ከእኔ ትፈጥናለች። የምግብ ጠረጴዛው በዴንዚል ሣጥኖች ተሞልቶ ነበር፤ ዳይና ለብቻዋ ንጹሕ ሳህን ላይ ተቀምጣለች።

«ሙዚየሙ ሁሉንም ሊወስድ ነው» አለች። «ከዐውደ ርእዩ በኋላ ሰኞ መጥተው ይጭኑታል። አንድ ክፍል ሰጥተውታል፤ በሩ ላይ ስሙ ይጻፋል።»

«ይገባዋል» አልኩ፣ ከልቤ ነው።

«ሠላሳ ስምንቱ እዚያ ይሰቀላሉ። ዳይናን ግን ያለ ምስክር ወረቀት አይሰቅሏትም።»

«የት ሊያደርጓት ነው ታዲያ?»

«የፎርጅድ መሳቢያ አላቸው፣ ለተማሪ ማስተማሪያ። ያገኛት ሰው ስም ይጻፍባታል።» ሳህኗን ወደኔ ገፋ አደረገቻት። «ፎርጅድ፣ ዴንዚል ትሬጎ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ልጅ ያንን ነው የሚያነበው።»

ሳህኗን መልሼ ገፋሁላት።

«ሆሊስ፣ አርባ ስምንት ዓመት አብሬው ኖርኩ። ያ ሰው ለግብር ሰብሳቢ እንኳ አይዋሽም ነበር፤ ስንት ጊዜ ዋሽ ብዬዋለሁ። ምስክር ወረቀቱን ጻፍልኝ።»

«አልችልም።»

«አትችልም ወይስ አትፈልግም?»

«ማኅተሙ ነዋ፣ ግራሲያና። ማኅተሙ እኮ …»

«አይዋሽም። አውቃለሁ፣ ጆሮዬ እስኪደማ ሰምቼዋለሁ። ሰውስ? ሰው ግን ይዋሻል?»

«አንቺን ደስ ይበልሽ ብዬ ፎርጅዱን እውነት ነው ብል፣ እስከ ዛሬ የጻፍኳቸው ምስክር ወረቀቶች ምን ሊሆኑ ነው?»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነሳችና ሾርባ አመጣች። ግራሲያና ሰው ላይ ስትናደድ ታበላዋለች፤ ያን ቀን ሦስት ሳህን ጠጣሁ። ስወጣ በሩ ላይ ሆኜ ዘንድሮ ስብስቡን ማን ይሰቅለዋል አልኳት። እኔ አለች። ባዶውንስ ገጽ አልኳት።

«እሱን ለእኔ ተወው» አለችና በሩን ዘጋችው።

ዐውደ ርእዩ ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ ሞቅ ብሎ፣ ነጋዴዎቹ በጫማ ካርቶን ፖስታ ደርድረው፣ ሽማግሌው ሁሉ አጎንብሶ ካርቶን ሲያገላብጥ ላየው ሰው ጥሬ የሚጭር ዶሮ ይመስላል። ያን ቀን ጠዋት አንድ ፈሪ ሥራ ሠራሁ። ከሪኖ የመጣች ቴሳ የምትባል ወጣት ዳኛ ነበረች፤ የትሬጎን ክፈፎች አንቺ ዳኚ፣ እኔ የሟች ወዳጅ ነኝ፣ አያመቸኝም አልኳት። «ወዳጅ?» አለችኝ ቅንድቧን ሰቅላ፤ ወሬው ሪኖ ድረስ ደርሷል ማለት ነው። ብቻ እሺ አለች፤ እኔም ወደዚያኛው ግድግዳ ዝር ሳልል ዋልኩ።

ከማላመልጠው ነገር ግን አላመለጥኩም። ስምንት ሰዓት ላይ ዳኞች ሁላችንም ሕዝቡን አስከትለን በየክፈፉ ፊት እየቆምን አስተያየት እንሰጣለን፤ ባለ ስብስቡም የፈለገውን ይጠይቃል። ሥርዓታችን ነው። የግራሲያና ተራ የመጨረሻው ነበር። አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን አጣምራ ክፈፉ ጎን ቆማለች። ሠላሳ ስምንቱን ከተሞች አልፈን ወደ መጨረሻው ገጽ ቀና ስል ባዶ አይደለም።

ከላይ የዴንዚል ጽሕፈት አለ፤ «ዳይና»። ከሥሩ ቢጫዋ ፖስታ። ከእሷ ሥር ደግሞ እኔ የላክሁለት ደብዳቤና የመጣበት ፖስታ፣ ጎን ለጎን። ሰው ሁሉ እየተንጠራራ ያነባል። «በሠለጠነ እጅ» ስትል አንዲት ሴት ከኋላዬ ሰማኋት። ወደ ግራሲያና ዞርኩ።

«ግራሲያና፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፖስታ ነው። ፖስታ አይደል የምትሰበስቡት? ቴምብር አለው፣ ማኅተም አለው። ፍረድልኝ።»

«የግል ደብዳቤ አደባባይ ላይ …»

«ለባሌ የተላከ ነው፣ የኔ ነው። የማን እንደሆነ እንደማታውቅ ሆነህ ፍረድ። ነው ወይስ ለእኔ ሲሆን ዳኝነት የለም?»

ቴሳ አጉሊ መነጽሯን አቀበለችኝ። የሳቀችም መሰለኝ። አርባ ሰው እያየኝ ነው፤ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ። ጎንበስ አልኩ። እጄ መነጽር ከያዘ ደግሞ ራሱን በራሱ ይሠራል።

«የፖስታው ማኅተም የማሽን ነው» አልኩ። «የከተማችን ደብዳቤ ማኅተም የሚመታበት ሪኖ ነው፤ ጃንዋሪ 8፣ 2004። ጥርት ያለ ነው። እንከን የለበትም።»

«ደብዳቤውስ?»

«ደብዳቤው የተጻፈው ጃንዋሪ 6፣ 2003 …» ብዬ ቆምኩ። መነጽሩን አራቅሁና መልሼ አቀረብኩ። በራሴ እጅ ነው የተጻፈው። 2003 ይላል።

«ቀጥል እንጂ» አለች ግራሲያና። «ደብዳቤው ተጽፎ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቆየ እንዴ? የጻፈው ሰውዬ ‹የማኅበሩ መርማሪ› ብሎ ፈርሟል። በጃንዋሪ 2003 መርማሪ ነበር?»

«አልነበረም። የተመረጠው በሜይ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ የታተመው አድራሻስ?»

«የዚህ አዳራሽ ነው።»

«እዚህ አዳራሽ መቼ ገባችሁ?»

«በኦገስት 2003።»

«እንግዲህ ገና ያልተሾመ ሰው፣ ገና ባልተከፈተ አዳራሽ ወረቀት ላይ የጻፈው ደብዳቤ ነው» አለች ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ሁለት ማስረጃ። ፍርድህ ምንድን ነው፣ ዳኛ?»

«ፎርጅድ ነዋ» አለ ከኋላ የቆመ አንድ ባለ ጫማ ካርቶን ነጋዴ፤ «በሠለጠነ እጅ።» አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

«አንድ ጊዜ ስሙኝ» አልኩ፣ ጆሮዬ እንደ በርበሬ ቀልቶ። «ደብዳቤው ፎርጅድ አይደለም። የጻፍኩት አዲስ ዓመት በገባ በስድስተኛው ቀን ነው። እጄ አሮጌውን ዓመት ለምዶ ስለነበር …»

የተናገርኩትን ራሴ ሰማሁት። ዐይኔ ቀስ እያለ ወደ ላይ፣ ወደ ቢጫዋ ፖስታ ሄደ። ጃንዋሪ 4። አዲስ ዓመት በገባ በአራተኛው ቀን።

ፖስታ ቤቱ በሜይ 1878 ተከፈተ፤ በማርች 1879 ተዘጋ። ዳይና በዕድሜዋ አንድ ጃንዋሪ ብቻ ነው ያየችው። እሱም የ1879 ጃንዋሪ ነው። ያኔ ሹሙ ተሹሟል፣ የቦይድ ሱቅም ተከፍቷል፤ ፎርጅድ ነው ያሰኙኝ ሁለቱ ማስረጃዎች ዓመቱን በአንድ ከፍ ስታደርጉት ተገልብጠው እውነት ነው ይላሉ። ያ ምስኪን ሹም ከተሾመ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ በየፖስታው ላይ 1878፣ 1878 ሲል ኖሯል፤ ሌላ ዓመት ጽፎ አያውቅም። በአዲሱ ዓመት አራተኛ ቀን፣ በብርድ የደነዘዘ እጁ የለመደውን ጻፈ። ከዚህ በላይ ምንም ምሥጢር የለም። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ጃንዋሪ ሙሉ በተማሪዎቼ ወረቀት ራስጌ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ዓመቱን አስተካክል» እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የተማሪ እጅ እንደሚሳሳት አውቃለሁ። የማኅተም እጅ የሰው እጅ መሆኑ ግን አንድም ቀን አልታየኝም፤ ለዴንዚልም አልታየው። ሁለት ደረቆች በአንዲት አሃዝ አሥራ ሰባት ዓመት ተኳረፍን።

መነጽሩን ለቴሳ መለስኩላት።

«ደብዳቤው እውነተኛ ነው» አልኩ። «የጻፈው ሰው ግን ጅል ነው። ከላይ ያለችው ፖስታ እውነተኛ ናት። ከዳይና የወጣችው ጃንዋሪ 4፣ 1879 ነው። ዓመቱን የተሳሳተው የፖስታ ቤቱ ሹም ነው። ከዳይና የተረፈች ብቸኛ ፖስታ ናት።»

ጭብጨባው ሲነሳ ግራሲያና እጇን አነሳችና አስቆመችው። «ዴንዚልስ?» አለችኝ። አሁን አልሳቀችም።

«ዴንዚል አልጻፋትም» አልኩ። «በአደባባይ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በአደባባይ እመልሳለሁ። ዴንዚል ትሬጎ ሠላሳ ዘጠኙንም አግኝቷል። አንድም አልጎደለውም።»

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ፤ ነጋዴውም ቴሳም፤ ከዚያ ሁላችንም ስንሳቅ ተገኘን። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይሄኛው ማደሩን አበዛው እንጂ።

«ስሕተቱን መቼ ነው ያየሽው?» አልኳት ሰዉ በተን ሲል።

«በዲሴምበር፣ ሾርባዬን ጠጥተህ እንደሄድክ። ዴንዚል ደብዳቤህን አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ወደ ፖስታው መልሶ መሳቢያ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ አልነካውም። እኔ የፖስታ ሰው አይደለሁም፤ ውስጡን አወጣሁና አነበብኩት።»

«ለምን ያን ዕለት አልደወልሽልኝም?»

«አንተ ከመስታወት ሥር ካልሆነ የምታምነው ነገር አለ?»

ምስክር ወረቀቱን እዚያው የኬክ ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩላት። ቀኑ ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ጃንዋሪ መሆኑ ትዝ አለኝና ነጋዴውን ዘንድሮ ስንት ነው አልኩት፤ ቴሳን ጠየቅሁ፤ ኬክ የምትሸጠዋንም ጠየቅሁ። ግራሲያና በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ «መጨረሻው አራት ነው፣ ሃያ አራት» እያለች እስክጨርስ ቆመችብኝ። ሰኞ የሙዚየሙ ሰዎች መጡ። ዳይና ሳትታጠፍ፣ ምስክር ወረቀቷን ከጎኗ ይዛ ከሠላሳ ስምንቱ እኅቶቿ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ገባች። ያ የኔ ደብዳቤም አብሯት ሄደ። ግራሲያና ካልሄደ ብላ ሙጭጭ አለች፤ ይሂድ አልኩ።

ሐሙስ ወደ ሆቴሉ ሄድን። ዴንዚል ከሞተ ጀምሮ ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም፤ አስተናጋጆቹም ያውቃሉ። ግራሲያና እንደ ድሮው መካከል ተቀመጠች፣ እኔ በግራዋ፣ ባዶው ወንበር በቀኟ። ሾርባው መጣ፣ ወይኑ መጣ። ቦሎቄው ከወዲያኛው ጫፍ እየዞረ መጥቶ ከባዶው ወንበር ፊት ቆመ፤ የሚያሳልፈው ሰው የለማ።

በልማድ «ግራሲያና፣ ንገሪው» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በእሷ ላይ አለፍ ብዬ ወንበሩን አየሁት።

«ዴንዚል» አልኩ በቀጥታ። «ቦሎቄውን አቀብለኝ፣ ወንድሜ።»

ግራሲያና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጆሮዋን ወደ ወንበሩ ዘንበል አድርጋ ጥቂት አዳመጠች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ራስህ አንሳ ይልሃል» አለችኝ።

ተነስቼ አነሳሁ።